ክብ ዓሣ ሁሉ ባሉን አይደለም፦ ስለ አንድ የቦሌ ዓሣ ሱቅ

ቦሌ አካባቢ ካሉት የጌጥ ዓሣ ሱቆች ስለ አንዱ ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠራም፤ የምለው ነገር ሌላ ሱቅ ስትገቡም ይሠራል። አያያዛቸው ጥሩ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አታዩም፣ የሚሸጡት ልጆችም ትሁት ናቸው፣ ስትጠይቋቸው አይሰለቹም። ችግሩ አኳሪየሙ ላይ የሚለጥፉት ስም ነው። ሆዱ ነፋ ያለ ዓሣ በሙሉ «ባሉን» (ፊኛ ማለት ነው) ተብሏል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከመደበኛው ከፍ ብሏል።

ባሉን ሞሊ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም። ሞሊ የሚባለውን ትንሽ የጌጥ ዓሣ ሰው እየመረጠ አራብቶ ያወጣው ነው። አከርካሪው ታምቆና ጎብጦ ስለሚያድግ ሰውነቱ ያጥራል፤ የሆድ ዕቃው ግን ያው የሞሊ ሆድ ዕቃ ስለሆነ ቦታ ሲጠበው ወደ ታች ይገፋል፣ ክብ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሆዱን ትታችሁ ርዝመቱን እዩ። ከጎን ስታዩት ከጀርባ ክንፉ እስከ ጭራው ያለው ቦታ እጥር ካለ፣ ክንፎቹ ለሰውነቱ የበዙ ከመሰሉ፣ ጀርባውም ከጭንቅላቱ ኋላ ወዲያው ሽቅብ ከወጣ ባሉን ነው። ርዝመቷ እንደማንኛዋም ሞሊ ሆኖ ሆዷ ብቻ ከተነፋ ግን ያረገዘች ናት። ሞሊ እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን በሕይወት ነው የምትወልደው፤ በወር ገደማ ትወልድና ያ ክብ ሆድ ይጠፋል።

እኔ የማምነው መለያ ወንዶቹ ናቸው። የወንድ ሞሊ የሆዱ ሥር ክንፍ ቀጭንና ሹል ነው፣ የሴቷ ደግሞ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ። ወንድ አያረግዝም፤ ስለዚህ ወንዶቹም ክብ ከሆኑ ያለምንም ጥርጥር ባሉን ነው። እዚህ ሱቅ መግቢያው ጋ ያለው አኳሪየም ውስጥ ወንዶቹም ሴቶቹም ክብ ናቸው፣ እውነተኛ ባሉን። ከጎኑ ባለው ግን ወንዶቹ በሙሉ ረዘም ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ነበሩ። ልጁን «ወንድሜ፣ እስቲ ወንዶቹን እያቸው» ስለው ጎንበስ ብሎ አየና ወዲያው ወረቀቱን ላጠው። ይሄን በጣም አክብሬለታለሁ፤ ብዙ ቦታ ይከራከሯችኋል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ የታመመው ዓሣ ነው። እዚያው ባሉኖቹ መሀል አንዷ ማዕዘን ይዛ ቆማለች፣ ምግብ ሲጣል አትነቃነቅም። ከላይ ሆኜ ሳያት ቅርፊቶቿ ከሰውነቷ ተነስተው ቆመዋል። ይሄ ድሮፕሲ የሚሉት ነው፤ ሰውነት ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም የሚመጣ ምልክት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አይድንም። እባካችሁ ዓሣ ስትገዙ ከላይም እዩ። ከጎን ብቻ ያየ ሰው ይቺን ባሉን ብሎ ይዟት ይሄድ ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፐርልስኬል የሚባለው ክብ ጎልድፊሽ ጤነኛ ሆኖም ቅርፊቱ ጉብ ጉብ ይላል። ልዩነቱ የፐርልስኬል ቅርፊት መሀሉ ወፍሮ ነጣ ቢልም ጠርዙ ሰውነቱ ላይ ልጥፍ ያለ መሆኑ ነው። በድሮፕሲ ጊዜ ጠርዙ ራሱ ይነሳል። ጎልድፊሾቻቸው ላይ ስም አልተሳሳቱም፤ ሪዩኪኑ ከጭንቅላቱ ኋላ ጉብታው ይታያል፣ ራንቹውም የጀርባ ክንፍ የለውም፣ በቃ ጨርሶ አይምታታም።

ፓሮቱ ጋ ስንመጣ ተናድጃለሁ። ብለድ ፓሮት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ ሲክሊድ የሚባሉ የመካከለኛው አሜሪካ ዓሣዎችን አዳቅለው ያወጡት ዓሣ ነው። አፉ ትንሽ ነው፣ ቅርጹ የተዛባ ስለሆነም ደህና አድርጎ አይገጥምም፣ ምግቡን የሚፈጨው ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው። «የፓሮት ጫጩት» ተብለው የሚሸጡት ግን አፋቸውን ግጥም አድርገው ይዘጋሉ። ነጣ ያሉ፣ አጫጭር ኮንቪክቶች (ሌላ ዓይነት ሲክሊድ) ናቸው። በቀለም ልለይ ብትሉ አይሆንላችሁም፤ እውነተኛው ፓሮትም ጫጩት ሳለ ደብዛዛ ግራጫ ነው፣ ብርቱካናማው ቀለም በኋላ ነው የሚመጣው። አፉን እዩ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ ፓሮት እስከ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፣ ኮንቪክት ከዚያ ያንሳል፣ ግን ጠበኛ ነው፣ በተለይ ጥንድ ሆኖ እንቁላል ሲጥል ሌላ ዓሣ አያስጠጋም።

ራም የምትባለው ትንሽ ሲክሊድ ባሉንም አላቸው፣ በጣም ያምራል። ራም መነሻው ቬንዙዌላና ኮሎምቢያ፣ የኦሪኖኮ ተፋሰስ ነው፤ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሂተር አይታሰብም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ዝቅ ካለው ምድር በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የባሰ ይቀንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፕም ግዙ። ልጆቹ ስለ ሂተሩ በደንብ ነገሩኝ፣ ስለ አየሩ ግን አላነሱም። ትንሽ ክብ ብርጭቆ ውስጥም ይኖራል ያሉትን አትስሟቸው። አጭር ሰውነት ያለው ዓሣ ዋና ይከብደዋል፣ የአየር ከረጢቱም ተጨናንቆ ሚዛን ሊያሳጣው ይችላል፤ የሚፈልገው ረጋ ያለ ውሃና የማይሻሙት ጓደኞች ናቸው። ስትመርጡም ቀጥ ብሎ የሚዋኘውን ውሰዱ፣ ጭራው ወይም ጭንቅላቱ ወደ ታች የሚያዘነብለውን ተዉት።

ከዚህ ሱቅ ሞሊውን ከመግቢያው አኳሪየም፣ ጎልድፊሹን ከየትኛውም፣ ራሙን ሲበላ አይታችሁ ግዙ። ፓሮቱን ግን ስሙን እስኪያስተካክሉ ድረስ እለፉት።