«ባትሪዎቼ የት ሄዱ?» ከብሉጄይ ጋር ያሳለፍነው አንድ ወር

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልማር ብላ በራሷ ተነሳሽነት አንድ የቪዲዮ ኮርስ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን ዘግታ መጣች። «ጋሼ፣ በቃ እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» አለችኝ።

ኮርሱን አብሬያት አየሁት። አስተማሪው መጥፎ ሰው አይደለም። ግን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ «ፐብሊክ ስታቲክ ቮይድ ሜይን» የምትለዋን፣ ፕሮግራሙ ሥራ የሚጀምርባትን መስመር ጻፈና «ይቺን ለጊዜው ዝም ብላችሁ ገልብጧት፣ በኋላ ትገባችኋለች» ብሎ አለፈ። ክላስ የሚለውንም ቃል እንደዚሁ ዘለለው። ክብ ቅንፍ፣ ካሬ ቅንፍ፣ ጥምዝ ቅንፍ ተደረደረ። ያ ሁሉ ድካም ስክሪኑ ላይ «ሰላም ዓለም» ለማለት ነው። ልጅቷ ገልብጣለች፣ ሠርቶላታል፣ ምን እንደሠራች ግን አታውቅም። እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነበር። ያ «በኋላ» የተባለው ቀን የመጣልኝ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ብሉጄይን ጫንኩላት። አንድ ወር ያህል አብረን ተጠቀምንበት። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ወር ወሬ ነው።

ለማያውቁት፦ ብሉጄይ የጃቫ ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ የተሠራው ግን ለባለሙያ ሳይሆን ለጀማሪ ነው። ማይክል ኮሊንግ እና ጆን ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1999 አውስትራሊያ ውስጥ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት። ከጃቫ በፊት ለማስተማሪያ ብቻ የተሠራ «ብሉ» የሚባል ቋንቋ ነበራቸው፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። በነፃ ይወርዳል፣ ኮዱም ከ2009 ጀምሮ ክፍት ነው። ዊንዶውስ ላይም ማክ ላይም ሲጫን ጃቫን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ፣ «መጀመሪያ ይሄን ጫን፣ ከዚያ ያንን አስተካክል» የሚለው የግማሽ ቀን ጣጣ የለበትም። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም። በዚህ በኩል ምንም የማጉረመርምበት የለኝም።

ሲከፈት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በግራ በኩል ጥቂት ቁልፎች፣ መሀል ላይ ሰፊ ነጭ ቦታ፣ ከታች ደግሞ አንድ ባዶ መደርደሪያ። ሥራ ቦታ የምጠቀምበትን ፕሮግራም የከፈተ ጀማሪ አውሮፕላን ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። እዚህ ግን የሚያስፈራ ነገር የለም።

ቀድሜ አንዲት ትንሽ ክላስ ጽፌላት ነበር፤ ስሟ ባትሪ። ውስጧ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ ቀሪ ቻርጅ። ሁለት ሜተዶች፣ ማለትም የምትታዘዛቸው ሥራዎች፣ አሏት፦ ሙላ እና ተጠቀም። መሀል ላይ እንደ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆና ትታያለች። ኮዱን አላሳየኋትም። «ሳጥኗ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ኒው የሚለውን ምረጪ» አልኳት።

ፕሮግራሙ በስንት ቻርጅ እንደምትጀምር ጠየቃት፣ 80 አለች። ከታች መደርደሪያው ላይ ቀይ ሳጥን ዱብ አለ፤ ባትሪ1 ይላል። ደገመችው፣ አሁን 15 ሰጠች። ባትሪ2 መጣ። ሦስተኛም ጨመረች። ከዚያ ዞር ብላ «እንዴ! ላይኛዋ አንድ ነች፣ እነዚህ ግን የፈለግኩትን ያህል ናቸው» አለችኝ።

በቃ። ላይኛዋ ክላስ ነች፣ ከታች ያሉት ቀያይ ሳጥኖች ደግሞ ከሷ የተሠሩ ኦብጀክቶች፤ ክላስ እና ኦብጀክት ማለት ይሄው ነው። የቤት ፕላንና ቤት፣ የኬክ ቅርጽና ኬክ እያልን የምንደክምበትን ነገር ልጅቷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በገዛ ጣቷ አገኘችው። አንድም መስመር ኮድ አልጻፈችም።

ቀዩን ሳጥን ሁለቴ ሲጫኑት ውስጡ ይከፈታል። ባትሪ2 ቀሪ 15 ይላል። ተጠቀም የሚለውን ሜተድ መርጣ 30 ሰጠችው። ቁጥሩ −15 ሆነ። ሳቀች። «ከዜሮ በታች የሆነ ባትሪ አየሽ?» አልኳት። «ታዲያ ማን ይከልክለው?» አለች። ያኔ ኮዱን ከፈትንላት። «ኢፍ» (ከሆነ) የምትለዋን ቃል ያስተማርኳት እዚያ ላይ ነው፤ ጥያቄው ቀድሞ ስለመጣ መልሱ ቦታ አላጣም። ቀሪ የሚለው ፊልድ (ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ለምን «ፕራይቬት» እንደሆነም እግረ መንገዳችንን አየን። ማንም ከውጭ መጥቶ ቁጥሩን እንዳይነካካው ነው፤ የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ አቁመናል።

ኦብጀክት የሚለው ሐሳብ ራሱ የመጣው ከዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው እኮ። ኖርዌያውያኑ የኮምፒውተር ሳይንቲስቶች ዳልና ኒጎር በ1960ዎቹ ሲሙላ የሚባለውን ቋንቋ ሲሠሩ የፈለጉት በእውኑ ዓለም ያለውን እንቅስቃሴ ኮምፒውተር ውስጥ ማስመሰል ነበር። እኛ ግን ስናስተምር ነገርየውን ወደ ቅንፍና ሴሚኮለን ቀየርነው።

በጣም የወደድኩት ግን በሁለተኛው ሳምንት የሆነው ነው። ስልክ የምትባል ክላስ ጻፈች። ስልክ ስትፈጠር ባትሪ ትቀበላለች። ብሉጄይ «የትኛውን ባትሪ?» ብሎ ሲጠይቅ ስም መጻፍ አያስፈልግም፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቀይ ሳጥን መጫን ነው። ሁለት ስልኮች ፈጠረች፤ ለሁለቱም ባትሪ1ን ሰጠች። አንደኛውን ስልክ 40 አስጠቀመችው። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈተችና ደነገጠች፤ የሱም ቻርጅ ወርዷል።

«ይሄ ፕሮግራም ተበላሽቷል» አለች።

የስልኩን ውስጥ ከፍቼ አሳየኋት። ባትሪ በሚለው ቦታ ላይ ቁጥር የለም፤ ትንሽ ቀስት ናት ያለችው። «ቀስቷን ተከተያት» አልኳት። ከሁለቱም ስልክ ተነስታ ብትከተል የምትደርሰው አንድ ባትሪ ጋ ነው። ይሄ ነገር ስንት ዓመት የሠራ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። እኔ ራሴ ሁለት ቀን ሙሉ የፈለግኩት ስህተት መጨረሻው ይሄው ሆኖ አውቃለሁ። እሷ ግን በቀስት አየችው። አሁን «ሬፈረንስ» ስላት ዓይኗ ላይ የምትመጣው ያቺ ቀስት ናት።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጃቫ ለስም የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ክላሱን ባትሪ፣ ሜተዱን ሙላ ብሎ መጥራት ይቻላል፤ ለመጀመሪያው ሳምንት በጣም ጠቅሞናል። ግን አንድ ወጥመድ አለው። የጃቫ ሰዎች የክላስን ስም በትልቅ ፊደል፣ የተለዋዋጭን (ኦብጀክቱ የሚጠራበትን ስም) በትንሽ ፊደል ይጀምራሉ፤ ዓይን የሚለያቸው በዚያ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። አንድ ቀን «ባትሪ ባትሪ እኩል ይሆናል ኒው ባትሪ» ብላ ጽፋ አገኘኋት። ጃቫ ያለምንም ቅሬታ ተቀበለው። እኛ ግን የትኛው ባትሪ የትኛው እንደሆነ ስንፈታ ቆየን። ከዚያ በኋላ ለኦብጀክቶቹ አሮጌ እና አዲስ የሚል ቅጽል ጨመርንላቸው፣ ትንሽ ቆይተን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ስሞች ተሻገርን።

አሁን ወደሚያናድደው።

አዲስ ክላስ ሲፈጠር ብሉጄይ ባዶ ገጽ አይሰጥም። ኤክስ የሚባል ፊልድ፣ ኤክስንና ዋይን የሚደምር የናሙና ሜተድ፣ «ስምህን እዚህ ጻፍ» የሚል ማስታወሻ ሞልቶበት ነው የሚመጣው። ለማገዝ ታስቦ ነው። የእህቴ ልጅ ግን ሁሉም ክላስ ኤክስ ሊኖረው ግድ ይመስላት ነበር። ስልክ ውስጥ ኤክስ፣ ባትሪ ውስጥ ኤክስ። ክላሱን እንደፈጠራችሁ ያንን ሁሉ ጥረጉት፤ እኔ ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛው የመደርደሪያው ነገር ነው። ኮዱን ነካ አድርጎ እንደገና ኮምፓይል ሲደረግ (ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ ሲቀየር) መደርደሪያው ላይ ያሉት ኦብጀክቶች በሙሉ ይጠፋሉ። ለግማሽ ሰዓት ያዘጋጀቻቸው ስልኮችና ባትሪዎች፣ ድርግም! «ባትሪዎቼ የት ሄዱ?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክላሱ ፋይል ላይ ያለ ጽሑፍ ነው፣ ይቀመጣል። ኦብጀክቱ ግን ሚሞሪ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ሞተር ሲጠፋና ሲነሳ አብሮ ይጠፋል። ማወቁ ጥሩ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ማወቁ ግን ያሰለቻል። በሦስተኛው ሳምንት ግን መላ አመጣች፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚፈጥር ሌላ ክላስ ጻፈችና በአንድ ክሊክ ትደረድራቸው ጀመር። ይሄን እኔ አልነገርኳትም።

መሀል ላይ ያለው የክላሶች ሥዕልም ክላሶቹ ከአሥር ሲያልፉ ይወሳሰባል። ማን ማንን እንደሚጠቀም የሚያሳዩት ቀስቶች ይቆላለፉና የክር ኳስ ይሆናሉ። ኮድ ሲጻፍ ቃል የሚጨርስላችሁ እርዳታም አለው፤ ባለሙያዎች ከሚጠቀሙበት ጋር ሲተያይ ግን ምስኪን ነው። በተረፈ የቅንፎቹ ክልል በቀለም ስለሚለይ የጎደለ ቅንፍ ቶሎ ይታያል፤ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስቆሙ ማየትም በጣም ቀላል ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አሁንማ ጃቫ ራሱ ቀሎ የለ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በ2025 ከወጣው ጃቫ 25 ጀምሮ ያቺ ረጅም መስመር ግዴታ መሆኗ ቀርቷል። ክላስም ሳይጻፍ፣ ስታቲክም ሳይባል አንዲት አጭር ሜይን ጽፎ ማስኬድ ይቻላል። ደስ ይላል። ያ ቪዲዮ ዛሬ ቢሠራ ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን አትዘጋም ነበር ይሆናል። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። አዲሱ አጻጻፍ ክላስን ከጀማሪው ዓይን ይደብቃል፤ ብሉጄይ ደግሞ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ለአጭር ስሌት ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። ኦብጀክት ምን እንደሆነ ይግባኝ ለሚል ሰው የኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው።

ብሉጄይ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየት ግን አልመክርም። ከሁለትና ሦስት ወር በላይ ከተኖረበት ሰው በማውስ ብቻ የሚሠራ ይሆናል። የኛ የመውጫ ቀን በራሱ ጊዜ መጣ።

የሠራችውን ለጓደኛዋ ልትልክ ፈለገች። ሜኑው ላይ ፕሮጀክቱን ወደ ጃር ፋይል (ፕሮግራሙን በአንድ ላይ ጠቅልሎ የሚይዝ ፋይል) የሚቀይር ትእዛዝ አለ። ስትጫነው «ሜይን ያለበት ክላስ የትኛው ነው?» አላት።

«ምን ሜይን?» አለችኝ።

«አንቺ ባትሪውን እንዴት ነበር የምትፈጥሪው?»

«ራይት ክሊክ አድርጌ።»

«ጓደኛሽ ጋ ራይት ክሊክ የሚያደርገው ማነው?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «የመጀመሪያዋን ባትሪ የሚፈጥር የለማ» አለች።

ያቺን የፈረደባትን መስመር አብረን ጻፍናት፣ በድሮው አጻጻፍ፣ ሙሉዋን። ኮምፓይል አድርጋ ክላሱ ላይ ራይት ክሊክ ስታደርግ ሜይን ኒው ከሚለው አጠገብ ተቀምጣለች። ከዚያ አንድ ኦብጀክት ፈጥራ ቀዩን ሳጥን ራይት ክሊክ አደረገች፤ እዚያ ሜይን የለችም። ሁለቴ አየችው። «ክላሱ ጋ አለች፣ ኦብጀክቱ ጋ የለችም» አለች። ለምን ይመስልሻል ስላት ትንሽ አሰበችና «ገና ኦብጀክት ሳይኖር ነዋ የምትጠራው!» ብላ ጮኸች። ስታቲክ ማለት ይሄው ነው። ያ አስተማሪ በኋላ ይገባችኋል ያለው።

ጃሩን ላከችለት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልእክት መጣ፦ «ተጫንኩት፣ ምንም አልመጣም።» ፕሮግራሙ እኮ ሠርቷል፤ ጽሑፉን የሚያሳይበት መስኮት ነው የሌለው። አሁን መስኮት እንዴት እንደሚሠራ በየቀኑ እየጠየቀችኝ ነው።