ከጎልድ ሞንስተር 1000 ወደ ጂፒኤክስ 6000 መሸጋገር ያዋጣል?

ባሕር ዳር ተቀምጠን፣ ፈቃድ አውጥተን ወደ መተከል ወርቅ ፍለጋ የምንወርድ ሰዎች ደጋግመን የምንጠያየቀው ጥያቄ ነው። ሁለቱም የወርቅ መፈለጊያ መሣሪያዎች የማይንላብ ኩባንያ ሥራዎች ቢሆኑም አሠራራቸው ለየቅል ነው። ጎልድ ሞንስተር በ45 ኪሎኸርዝ መግነጢሳዊ ምልክት ያለማቋረጥ እያስተላለፈ በዚያው ቅጽበት ስለሚያዳምጥ፣ ለላይኛው አፈር ደቃቅ ወርቅ እጅግ ንቁ ቢሆንም የአፈሩ ብረታማ ማዕድን ምላሽ ያውከዋል። ጂፒኤክስ 6000 ግን አጭር መግነጢሳዊ ምት ልኮ ካቆመ በኋላ የአፈሩ ምላሽ እስኪከስም ለአፍታ ስለሚጠብቅ፣ ማዕድን በበዛበት መሬት ጠልቆ የመፈለግ አቅሙ የላቀ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጣና ዳር ያነሣሁትን ጥቁር ድንጋይ በጎልድ ሞንስተሩ ኮይል (መሬቱን በሚያስሰው ጠፍጣፋ ጫፍ) ሥር ሳሳልፈው ወርቅ ያገኘ ይመስል ጮኸ፣ በጂፒኤክሱ ሥር ግን ድምፅ አልሰማሁም። ይሁንና ጂፒኤክሱ ምስማርን ከወርቅ አይለይም፤ ጎልድ ሞንስተር ቢያንስ በመጠኑ ይለያል። ጂፒኤክሱ በከተማው የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብም ስለሚረበሽ፣ ሻጭ ሱቅ በር ላይ በሚደረግ ሙከራ ሊፈረድበት አይገባም።

የጂፒኤክሱ ዋጋ የጎልድ ሞንስተሩ ብዙ እጥፍ ነው። የምትሠሩበት መሬት ቀይና ብረታማ ከሆነ፣ ወርቁም ጠለቅ ብሎ የሚገኝ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ወጪው ይገባዋል፤ ስስ ደለል ባለበት የወንዝ ዳር ለምትሠሩ ግን አሁን በእጃችሁ ያለው ይበቃችኋል።