ቲፕ ሳማይ፣ ባንኮክ፦ የተጠቀለለው ፓድ ታይ ይሻላል ወይስ ያልተጠቀለለው?

ባንኮክ ውስጥ ፓድ ታይ (የታይላንድ የተጠበሰ የሩዝ ኑድል) የት ልብላ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከሚጠሩላችሁ ስሞች የመጀመሪያው ቲፕ ሳማይ መሆኑ አይቀርም። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በማሃ ቻይ መንገድ ላይ አለ። የሰፈሩ ሰው «የፕራቱ ፒ ፓድ ታይ» ይለዋል፤ የመናፍስት በር ማለት ነው። አሮጌው ከተማ በግንብ ታጥሮ በነበረበት ዘመን ሬሳ በዚህ በኩል ወጥቶ ዋት ሳኬት ወደተባለው ቤተ መቅደስ ለማቃጠል ይወሰድ ነበር። አሁን በሩ የለም፤ በምትኩ የእግረኛ መንገዱን ይዞ የሚቆም ወረፋ አለ።

ወረፋው ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ቶሎ ይሄዳል። ምክንያቱ ከፊት ለፊት ባለው ክፍት ወጥ ቤት ይታያል። አንዱ አብሳይ በከሰል እሳት ላይ በተጣደ ትልቅ ጎድጓዳ መጥበሻ የብዙ ሰው ኑድል በአንዴ ይጠብሳል፤ ሌላው በሌላ መጥበሻ እንቁላል እንደ ወረቀት አሳስቶ ዘርግቶ ኑድሉን መሃል ላይ ያደርግና ይጠቀልላል። የሚጨናነቀው ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጎረቤቱ የጄይ ፋይ ምግብ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሽላን ኮከብ ያገኘችው፣ የበረዶ ሸርተቴ መነጽር አድርጋ የምታበስለው ሴት። የሁለቱ ቤት ወረፋ የተለያየ ነውና ከመቆማችሁ በፊት የየትኛው እንደሆነ አጣሩ።

ወደ ምግቡ። ፓድ ታይ ጠፍጣፋ የሩዝ ኑድል ከእንቁላል፣ ከቶፉ፣ ከደረቅ ሽሪምፕ፣ በጨው ከቆየ ፍጅልና ከማሾ ቡቃያ ጋር ተጠብሶ የሚሠራ ነው። ጣዕሙ በሦስት ነገር ይቆማል፤ ኮምጣጣው ከሁመር (ታማሪንድ)፣ ጨዋማው ከዓሣ ሶስ፣ ጣፋጩ ከዘንባባ ስኳር። በቱሪስት መንደሮች ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሁመሩን በኬቻፕ ይተኩትና ሰሃኑ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ቲፕ ሳማይም ብርቱካናማ ሆኖ ይቀርባል፤ ቀለሙ ግን ከሽሪምፕ ጭንቅላት ከሚወጣው ዘይት ነው። ሽታው ወዲያው ይለያል።

ሁለተኛው ብልሽት የኑድሉ ነው። ደረቁ ኑድል በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ሲለሰልስ ይወጣል እንጂ አይቀቀልም፤ የቀረውን መብሰል መጥበሻው ላይ መረቁን እየጠጣ ይጨርሳል። ከተቀቀለ ይላቁጣል። እሳቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ቡቃያው ውሃ ያወጣና ኑድሉ በመጠበስ ፋንታ በእንፋሎት ይበስላል። የከሰሉ ጥቅም ይኸው ነው፤ ኃይለኛ ሙቀትና ቀለል ያለ የጭስ ሽታ።

የተጠቀለለው ለፎቶ ያምራል፤ ሁሉም የሚያዘውም እሱን ነው። በእኛ ፍርድ ግን ያልተጠቀለለው ይበልጣል። እንቁላሉ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ታችኛው ኑድል ከደቂቃዎች በኋላ ይለሰልሳል፤ ያልተጠቀለለው ላይ እንቁላሉ ራሱ ከኑድሉ ጋር ተጠብሶ ይዋሃዳል፣ የጭሱም ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ሁለት ከሆናችሁ አንድ አንድ አዝዛችሁ ተካፈሉ። የተጠቀለለው ሲመጣ መሃሉን በማንኪያ ቀዳችሁ ከፈት አድርጉት፣ ይተንፍስ። ይዞ መሄድ አይመከርም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል የቆየ ፓድ ታይ አንድ ጓል ነው።

ሰሃኑ እንደቀረበ አትብሉት፤ ታዮች ራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጨርሱት። መጀመሪያ ቅመሱ። ከዚያ ሎሚውን ጭመቁ፣ ሚጥሚጣ የሚመስለውን በሻካራው የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነስንሱ፣ ጨው ካነሰው የዓሣ ሶስ ጠብ አድርጉ። ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስኳር አትንኩት። ለሐበሻ ምላስ ምግቡ በራሱ ጣፋጭ ነው፤ ሎሚና ቃሪያ ካልገባበት ግማሹ ላይ ይሰለቻል። ከጎን የሚመጣው ጥሬ ቡቃያና የሙዝ አበባ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ የዘይቱን ክብደት የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሽሪምፕ የማትበሉ ተጠንቀቁ። እዚህ ሽሪምፕ በሦስት መልክ ይገባል፤ ላዩ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ፣ ውስጡ የሚደባለቀው ደረቁና ዘይቱ። «ማይ ሳይ ኩንግ» (ሽሪምፕ አታስገቡ) ብትሉ የሚወጣው ትልቁ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጾም ላይ ያላችሁማ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ ከሩቅ 17 ቁጥር የሚመስል ምልክት ያለበት «ጄ» ይባላል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልም ወተትም የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። የለውዝ አለርጂ ላለበት «ማይ ሳይ ቱዋ» ይባላል፤ ግን መጥበሻው የጋራ ስለሆነ ከባድ አለርጂ ያለበት ባይሞክረው ይሻላል።

የብርቱካን ጭማቂው ፍሬው ያለበት፣ ወፍራምና በእውነት ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ከምግቡ ጋር ይፎካከራልና ጠርሙሱን ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ያልተጠቀለለው 100 ባት ገደማ ነው፤ ትልልቅ ሽሪምፕ ሲጨመር ከዚያ በብዙ ይወጣል። ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ቦርሳቸውን አዝለው ካኦ ሳን ያረፉ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል፤ የራቻዳምኖንን መንገድ ይዘው የዴሞክራሲ ሐውልቱን አልፈው ማሃካን ምሽግ ጋ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው። ከፕራቱናም የልብስ ገበያ ለሚመጡ ነጋዴዎቻችን ከሁሉ የሚቀለው የሳን ሳፕ ቦይ ጀልባ ነው፤ በምዕራብ በኩል መጨረሻው ላይ ወርዶ ወደ ማሃ ቻይ መሄድ። ሒሳቡ ጀልባው ላይ ይሰበሰባል፤ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ውሃ ሲረጭ የፕላስቲክ መጋረጃውን ይሳብ። በባቡር ከሆነ ሳም ዮት ጣቢያ ወርዶ ወደ ሰሜን መሄድ ነው።

አመሻሹ ላይ፣ ከመብላት በፊት፣ የዋት ሳኬትን ወርቃማ ኮረብታ መውጣት ጥሩ ነው። ደረጃው ከ300 በላይ ቢሆንም ዙሪያውን ስለሚጠማዘዝ አያደክምም። መንገድ ላይ 37 የብረት ጉልላት ያለው ሎሃ ፕራሳት የተባለ የቤተ መቅደስ ሕንፃ አለ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይኑራችሁ። «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» የሚል የቱክ ቱክ ሹፌር ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ፤ የሚወስዳችሁ ኮሚሽን ወደሚከፈለው ሱቅ ነው። ማታ ጀልባው ቀድሞ ስለሚያቆም ለመመለሻ ሜትር የሚያበራ ታክሲ ያዙ።