የሚቸኩለው ዎክማኔ፣ ከወራት በኋላ

ይፈጥናል። ሌላውን በኋላ እናወራዋለን፣ ከለሩ ያምራል፣ ባትሪው ይቆያል፣ ቻርጀሩም የስልኬ ቻርጀር ነው ምናምን፣ ግን 9,500 ብር የከፈልኩበት የካሴት ማጫወቻ ካሴት ሲያጫውት ይቸኩላል። ማህሙድ አህመድን፣ ያንን የሚርገበገብ ድምፅ፣ ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ አስመስሎ ነው የሚያሰማኝ። እማዬ ኢርፎኑን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንድ ስንኝ እንኳን ሳትጨርስ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?» አለችኝ። የ80ዎቹ ሰው ጆሮ አይሸወድም።

ብራንዱን አልጠራም፣ ብጠራውም ለውጥ የለውም። አሁን ገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ ዎክማኖች አብዛኞቹ ውስጣቸው አንድ ነው፣ የድሮ የጃፓን ዲዛይን ኮፒ የሆነ ርካሽ ሞተርና ማዞሪያ፣ ከላይ ያለው ሽፋን ብቻ ነው የሚለያየው። ሶኒ ራሱ የመጀመሪያውን ዎክማን በ1979 አውጥቶ በ2010 ጃፓን ውስጥ የካሴቱን ማምረት አቁሟል (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ ስለዚህ «ደህናውን ግዢ» የምትሉኝ ሰዎች ደህናው የት እንዳለ አብራችሁ ንገሩኝ።

የሸጠልኝ ልጅ ጋ ደወልኩ። ቴሌግራም ላይ ነው ያገኘሁት፣ መገናኛ ተገናኝተን ነው የሰጠኝ፣ ሲሸጥልኝ «ሃይ ፋይ ስቴሪዮ ነው እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው፣ ኋላ ታመሰግኚኛለሽ» ሲል ነበር። አሁን ደግሞ «ካሴቱ ነው እህቴ፣ አሮጌ ካሴት እንደዛ ያደርጋል» አለኝ። እሺ ወንድሜ፣ አሮጌ ካሴት ቢያረጅ፣ ቢለጠጥ፣ ቢያጣብቅ፣ ይጎተታል እንጂ እንዴት ብሎ ይሮጣል? እርጅና ያፈጠነው ነገር አሳየኝና ዝም እላለሁ። ይሄን ስለው ኔትወርክ ተቆረጠበት፣ ሁሌ እንደዚህ ሲሆን ነው የሚቆረጠው።

ማስረጃ አመጣሁለት ደግሞ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ የቴይለር ስዊፍት ካሴት አምጥታልኝ ነበር (አዎ፣ ቴይለር ስዊፍት በዚህ ዘመን አልበሟን በካሴት ታወጣለች፣ አዎ፣ እወዳታለሁ፣ አትጨቅጭቁኝ)። የፋብሪካ ካሴት ነው፣ አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩን እኔ ነኝ የቀደድኩት። እሱን ዎክማኑ ላይ፣ ያንኑ ዘፈን ስልኬ ላይ አድርጌ አንድ ላይ ለቀቅኳቸው፣ በአንዱ ጆሮዬ ካሴቱን በሌላው ስልኩን እየሰማሁ። መጀመሪያው ላይ እኩል ናቸው፣ ከዛ ትንሽ ማሚቶ ነገር ይጀምራል፣ ኮረሱ ሲደርስ ካሴቱ ላይ ያለችው ቴይለር ስልኩ ላይ ያለችውን ጥላት ሄዳለች። ባንድ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛዬ ሰምቶ ግማሽ ቶን ወደ ላይ ወጥቷል አለ። ግማሽ ቶን (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ያለው ልዩነት) በፍጥነት ሲቆጠር ስድስት በመቶ ያህል ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት፣ የኔው ከ5 በላይ እየሄደ ነው ማለት ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገፅ 30 ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ 28 ደቂቃ ከምናምን ላይ ቀጭ ብሎ ይቆማል። የቀረውን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

«ለምን ገዛሽው ታዲያ» ለሚሉኝ፦ ስትሬንጀር ቲንግስ የሚባለው ተከታታይ ፊልም ነው ያስገዛኝ። አራተኛው ሲዝን በ2022 ሲወጣ ማክስ የምትባለዋ ልጅ ያንን ዎክማኗን ይዛ ዘፋኟን ኬት ቡሽን ስትሰማ ያየ ሰው ይረዳኛል፣ የ1985 ዘፈን ተነስቶ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የወጣው በዛች ልጅ ዎክማን ምክንያት ነው። እኔም ማድረግ የቻልኩት ይሄንን ነው። ደግሞ ከኤጀንሲው ስራ ከለቀቅኩ ወዲህ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምስለው፣ የመፅሐፍ ሽፋን፣ የኮንሰርት ፖስተር፣ አንዳንዴ ለራሴ ፋን አርት፣ እና ሙዚቃ ለመቀየር ብዬ ስልኬን ካነሳሁ አለቀ፣ አርባ ደቂቃ ቲክቶክ ነው። ካሴት ግን ስኪፕ የለውም። አንድ ገፅ እስኪያልቅ ቀለሙን እጨርሳለሁ፣ ቀጭ ሲል ተነስቼ እገለብጠዋለሁ፣ ውሃም የምጠጣው ያኔ ነው። ለዚህ ለዚህ እንከን የለውም።

ካሴቶቹ ደግሞ ነበሩ። ከፒያሳ ስንነሳ ከአልጋ ስር አንድ ካርቶን ሙሉ ወጣ፣ የእማዬ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ፣ አስቴር፣ ግማሾቹ ደግሞ ሱቅ የተቀዱ፣ ላያቸው ላይ በእማዬ የያኔ ፅሁፍ «ምርጥ ምርጥ» ብቻ ይላል። ልትጥላቸው ነበር። እኔ እኮ ኃይሉ መርጊያን አስቤ ነው የጮህኩት፣ በ1985 አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሰራውን ካሴት ሰዎች ከረሱት በኋላ አንድ ፈረንጅ ባህር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና ወጣ፣ ሰውዬው ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር፣ ከዛ ወደ መድረክ ተመለሰ። የእኛ ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል ብዬ ነው። (እስካሁን አብዛኛው ነዋይ ነው። ነዋይን ስለምወደው ቅር አላለኝም።)

እሺ ወደ ጣጣው። መርካቶ አንድ ቴፕ የሚሰሩ አባት አሉ ተባልኩ፣ ሄድኩ። ከፍተው ሲያሳዩኝ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ክር የምታህል ጎማ፣ ከአስር ሳንቲም ብዙ የማትበልጥ ሞተር፣ አለቀ። ሞተሯ ከጀርባዋ ቀዳዳ አላት፣ የቀዳዳዋ ውስጥ ደግሞ ብሎን ነገር አለች። «አጫውቺው ልጄ» አሉኝ፣ ማህሙድን ከፈትኩት፣ የሰዓት ሰሪ የሚመስል ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገቡና ፀጉር ታህል ወደ ግራ አዞሩት። ድምፁ ወረደ። ትንሽ ጨመሩ፣ ማህሙድ እንቅልፉ መጣ። መለስ አደረጉትና ቆሙ፣ አይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ «አሁን እሱ ነው» አሉ። አፕ የለ፣ ቱነር የለ። ቤት ገብቼ ከቴይለር ጋ ሳስተያየው እስከ ዘፈኑ መጨረሻ እኩል ሄዱ። ፋብሪካው አንድ ደቂቃ ወስዶ ያንን ብሎን ቢያስተካክል ምን ይጎድልበት ነበር? ልጁስ «ካሴቱ ነው» ከሚለኝ «አላውቅም» ቢለኝ?

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ተደስቼ የእማዬን «ምርጥ ምርጥ» ብከተው ደግሞ እሱ ይጎተታል! ነዋይ ከባድ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ለካ ያኔ ሱቅ ሲቀዱ የቀጂው ቴፕ ራሱ ስፒዱ ልክ አልነበረም፣ ቀጂው ፈጥኖ ከቀዳ ልክ በሆነ ማጫወቻ ላይ ዘገምተኛ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የእኔ ቸኳይ ዎክማን ለዛ ለአንዱ ካሴት ትክክለኛው ማጫወቻ ነበር ማለት ነው፣ ሳላውቀው አስበላሽቼዋለሁ። አሁን መሳያ ቦርሳዬ ውስጥ ከእርሳሶቹ ጋ ቀጭን ካቻቢቴ አለ። ከጀርባው ሽፋን ላይ የሞተሯ ቀዳዳ ትይዩ ትንሽ ቀዳዳ በስልሁ (ዋስትናው ድሮም በቃል ነው የነበረው)፣ እና ካሴት በቀየርኩ ቁጥር ዘፋኙ ሰው እስኪመስል አዞራለሁ። ጓደኞቼ አብደሻል ይሉኛል፣ እኔ ግን ይሄን መናገር አፍራለሁ እንጂ ከዎክማኑ በጣም የምወደው ነገር ሆኗል። አስቴርን ለማስተካከል ሁለቴ ሶስቴ ስመላልስ ዘፈኑን ስፖቲፋይ ላይ ሰምቼው በማላውቀው አይነት ነው የምሰማው፣ ቤዙን ሁሉ።

ብሉቱዙን አትጠቀሙት፣ ይቆራረጣል፣ ገመድ ኢርፎን ግዙ። ሬዲዮ የለውም። ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን ብረት) አልፎ አልፎ በጥጥና በአልኮል ጥረጉት፣ የሱቅ ካሴት ቡናማ አቧራ ይተዋል።

ኮከብ ስጪው ካላችሁኝ ባትሪው ሙሉ ሲሆን አራት፣ ሊያልቅ ሲል ሁለት፣ ያኔ ሁሉም ዘፋኝ ይተኛበታል። 9,500 ብር ያወጣል ወይ? አያወጣም። ልሸጠው ነው ወይ? አልሸጥም፣ ማንም እንዳይጠይቀኝ። ልጁ ትላንት አዲስ ከለር ገብቷል ብሎ ቴክስት አድርጎልኛል፣ አረንጓዴ ነው፣ ከነፎቶው። «ስፒዱስ?» ብዬ መለስኩለት፣ አይቶታል፣ እስካሁን ዝም ብሏል።