በላስቲክ የታሸገ የ«አዳዲስ ደራስያን» ጥቅል እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ትናንት አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት መጽሐፍ መደብሮች በአንዱ 1,800 ብር ተበላሁ።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የሥነ ልቦና ትርጉሞች ተደርድረዋል፣ ውስጥ ደግሞ ከስልኩ ቀና የማይል ሻጭ አለ። በራሳቸው ወጪ ያሳተሙ አዳዲስ ደራስያን ሥራ እንዳለው ስጠይቀው ግን ቀና አለ። ከባንኮኒው ሥር በላስቲክ የታሸገ ጥቅል አወጣ፤ ረጅም ልብ ወለድ፣ አጫጭር ልብ ወለዶች፣ ግጥም፣ ወግ፣ የወንጀል ታሪክ። «አምስቱም የመጀመሪያ ሥራቸው ነው። ብሩ ቀጥታ ለደራሲዎቹ ነው የሚገባው» አለኝ።

የማላውቀውን ደራሲ ስገዛ ሁሌም መሐሉን ከፍቼ ሁለት ገጽ አነባለሁ። ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ክንዱ ላይ መጽሐፍ ደርድሮ የሚዞር አዟሪ እንኳ ሳገላብጥ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ትናንት «ላስቲኩ ከተቀደደ አይሸጥልኝም» ሲለኝ እሺ አልኩ። በቴሌብር ላኩ፤ ደረሰኝም አልጠየቅኩ። ለጀማሪ ደራሲ የደረስኩለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ቤት የሄድኩት። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ማታ ቀደድኩት። የወንጀል ታሪኩና አጫጭር ልብ ወለዶች የተባለው ውስጣቸው አንድ ነው፤ ሽፋንና ርዕስ ብቻ ተቀይሮ፣ ያውም ከዓመታት በፊት ያነበብኩት ትርጉም። ወጉ ከገጽ 64 ወደ 33 ይመለሳል። የረጅሙ ልብ ወለድ ዋጋ ላይ ስቲከር ተለጥፏል፤ በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ 120 ብር ይላል። የግጥም መድበሉ ፎቶኮፒ ነው። ፊደሉ ደብዝዟል፣ የገጹ ጠርዝ ላይ የማሽኑ ጥቁር ጥላ አለ፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው መስመር ራሱ ተጣሞ ተባዝቷል። ከሥሩ የገጣሚዋ ስልክ ነበር፤ ደወልኩላት። ያሳተመችው በብድር እንደሆነና ለዚያ ሱቅ አንድ ቅጂ እንኳ እንዳልሰጠች ነገረችኝ። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «ግን አነበብሽው?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ይዤ ተመለስኩ። ያው ልጅ ነው። «ላስቲኩስ?» አለኝ መጀመሪያ። ገጽ 64ን ከፍቼ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት፤ ዓይኑን አላሳረፈበትም። መድበሉን ከፍቼ «ገጣሚዋን አናግሬያታለሁ፣ አልሰጠኋቸውም ብላለች» ስለው ወደ ባልደረባው ዞሮ «አንብበው ሲጨርሱ ይመልሳሉ» አለው፣ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል። ያኛው ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «የኔ እህት፣ ግጥሙ እንደሆነ ያው ነው። ደግሞስ ማን ያውቃታል?» አለኝ።

ሁለት ተማሪዎች ከኋላዬ ቆመው ይሰማሉ። ያለ ደራሲው ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የተከለከለ መሆኑን ልነግረው መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅ ነበር። አንድ ቃል አልወጣኝም። መጽሐፎቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው «ማን ያውቃታል» ያለው የገባኝ። የታወቀ ደራሲ መጽሐፍ ቢሆን እውነተኛውን አይተነው ስለምናውቅ ፎርጅዱን እንለየዋለን። የአዲሱ ደራሲ መጽሐፍ ግን ወረቀቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ገጽ እንዳለው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሚዘርፉት እሱን ነው፤ በእሱ ስም ደግሞ እኛን።

የታሸገ አትግዙ፣ ደረሰኝ ያዙ። ወመዘክር አዳራሽ የመጽሐፍ ምርቃት ሲኖር ከደራሲው እጅ መግዛት ይቻላል። ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የደራሲው ስልክ ብዙ ጊዜ መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ወይም ጀርባው ላይ አለ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ።