የቤት ሚዲየም ከ10 ወር በኋላ፦ ኮላ፣ ግሊሰሪን፣ የባትሪ ውሃና ባለአራት ዓይኑ መልአክ

ሐምሌ ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ትንሽ ጋብ ሲል፣ ሁለት የፍየል ቆዳ ሥዕሎች ከመደርደሪያ ላወርድ ሄድኩ። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ፊት ለፊት ገጥሜ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አልላቀቅ አሉኝ። በጥፍሬ ከጥጉ ጀመርኩ። ጭርርር አለ። ሲለያዩ አንደኛው መልአክ ዓይኖቹን ለጎረቤቱ አስረክቧል። አንዱ ዕውር፣ ሌላው ባለአራት ዓይን።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ የሁለቱን ዋጋ ሳስበው ሳቁ ጠፋ። ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስቀመጠኝም እሱ ነው።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ እሥላለሁ። አብዛኛው ሥራዬ እንግዳ የሚገዛው ነው፦ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያየ ሁሉ የሚወዳቸው እነዚያ ትልልቅ ዓይን ያላቸው መላእክት፣ በቆዳም በሸራም። አልፎ አልፎ የካፌ ግድግዳ ይመጣል። የምሠራው በአክሪሊክ ነው። ቀለሙን እዚሁ ከተማ አገኛለሁ፤ ቀለሙ የሚቀጥንበትን ሚዲየም ግን እኔ በምገባባቸው ሱቆች አጥቼው አውቃለሁ እንጂ አግኝቼው አላውቅም። ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ ነው የማስልከው። ዋጋውን ስሰማ ደግሞ ራሴን ያዞረኛል። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት ማርማላታ ያለቀባቸውን ብልቃጦች አጥቤ ደረደርኩና በየቤቱና በየሱቁ ከሚገኝ ነገር ራሴ መቀመም ጀመርኩ። ይኸው 10 ወር ሆነኝ።

አንድ ነገር ካልገባን የቀረው ሁሉ ግራ ያጋባል። አክሪሊክ ቀለም ማለት ውሃ ውስጥ የተበተነ ፕላስቲክና የቀለም ዱቄት ነው። ውሃው ሲተን የፕላስቲኩ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ዱቄቱን መሃላቸው ይዘው። አንዴ ከተጣበቁ ውሃ አይመልሳቸውም። ከሱቅ የሚገዛው ሚዲየም ደግሞ ያው ፕላስቲክ ነው፣ የቀለም ዱቄት ያልገባበት። ቀለሙን በእሱ ብታቀጥነው ማያያዣው አይሳሳም። በውሃ ብቻ ስታቀጥነው ግን ማያያዣውንም አብረህ እያቀጠንከው ነው።

በቲነር ልጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ብዙ ሰው ቲነር የሚለውን ስም ሰምቶ ለማንኛውም ቀለም ማቅጠኛ ይመስለዋል። እኔም አንድ ማንኪያ ሞክሬያለሁ። ቀለሙ እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠረ። ክፍሉ እስከ ማታ ሸተተ፣ ራስ ምታቱ እስከ ጠዋት ቆየ። አክሪሊክ ውሃ ነው የሚፈልገው። አለቀ።

ስለ ውሃው ግን ትንሽ ላውራ። በጀሪካን ተጠራቅሞ የሰነበተ ውሃ ታቹ ዝቃጭ አለው፣ በስስ ቅብ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ይተዋል። መለዋወጫ ቤት የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ ያ ቀርቷል። የተጣራ ውሃ ስለሆነ ጨውም ኖራም የለውም። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም አለ፣ ጀሪካኑም ይመሳሰላል። "ውሃው ነው የምፈልገው፣ አሲዱን አይደለም" ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

እዚህ ውሃ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ማድረግ የሚመክር ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ሳሙና የውሃውን ውጥረት ይቀንሳል፣ ቀለሙም በቆዳው ላይ ተሰብስቦ እንደ ጠል ከመቆም ይልቅ ይዘረጋል። ለግማሽ ሊትር አንዲት ጠብታ አደረግሁ፣ ለመደብ ቅብ በጣም ጥሩ ሆነ። ችግሩ አረፋው ነው። ብሩሹን ትንሽ ፈጠን ካደረግኸው አረፋ ይነሳል፣ አረፋው እዚያው ይደርቅና ሲፈነዳ የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል። የመልአክ ጉንጭ ላይ ፈንጣጣ! ሳሙናውና በውስጡ ያለው ጨውም ከቅቡ ጋር ይቀራሉ እንጂ አይተኑም። አሁን ለመጀመሪያው መደብ ካልሆነ አልነካውም።

ግሊሰሪን ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ።

ጎንደርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጥር በኋላ ያለው አየር ደረቅ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ በበሩ ሥር ይገባል። ሳህን ላይ ያወጣሁት ቀለም ቡናው ሳይፈላ ቆዳ ያበጃል። ሁለት ቀለም አዋሕጄ የፊት ጥላ ላወጣ ስል አንደኛው ደርቆ ይጠብቀኛል። ግሊሰሪን ውሃ ይዞ የማቆየት ጠባይ አለው፣ ስለዚህ ማድረቁን ያዘገያል። ፋርማሲ ገብቼ "ግሊሰሪን አለ?" ስላት ልጅቷ "ለፊት ነው ለፀጉር?" አለችኝ። ለመልአክ ልላት ብዬ ተውኩት።

አንድ ማንኪያ ግሊሰሪን ለ10 ማንኪያ የባትሪ ውሃ። በዚያ ብሩሼን እያረጠብኩ ስሠራ የካቲትንና መጋቢትን በሰላም አለፍኩ። ጥላው ለስልሶ ወጣ፣ ብሩሹ ዕረፍት አገኘ፣ እኔም ተደሰትኩ። ሰው ሲደሰት ደግሞ ይጨምራል። ሚያዝያ ላይ ብልቃጡ አንድ ለአምስት ሆነ፣ ግንቦት ላይ መለካቱንም ትቼ በዓይኔ እያየሁ ነበር የማፈሰው።

አንድ የረሳሁት ነገር ነበር። ግሊሰሪን እንደ ውሃ ተንኖ አይሄድም፣ ቅቡ ውስጥ ይቀራል። በበጋ ይሄ አይታወቅም። ክረምት ሲገባና አየሩ ሲርስ ግን ያ የቀረው ግሊሰሪን እርጥበቱን ከአየር መሳብ ይጀምራል። ሥዕሉ በዓይን ደረቅ ነው፣ በጣት ስትነካው ያዝ ያደርግሃል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ፊት ለፊት አጣብቀህ ዕቃ ስትጭንባቸው የሚሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። በእርግጥ አክሪሊክ በባሕርዩም ቢሆን ፊት ለፊት ገጥመው ቢጭኑት የመያያዝ ልማድ አለው፣ ጥፋቱ ሁሉ የግሊሰሪን አይደለም። ያው መደርደሪያ ላይ በመጀመሪያው ልክ የሠራኋቸው ሁለቱ ግን በሰላም ተላቀዋል። አሁን ወደ አንድ ለ10 ተመልሻለሁ፣ በየመሃላቸውም የኬክ ወረቀት አስገባለሁ።

ስለ ኬክ ወረቀት ካነሳሁ አይቀር፣ ከግሊሰሪኑ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ዝርግ ትሪ ላይ ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ፎጣ ውሃ አጠጥታችሁ አንጥፉ፣ ከላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ቀለሙን እሱ ላይ። ውሃው ከሥር ቀስ እያለ ይሰጠዋል። ማታ ክዳን ነገር ደፍቼበት ሦስት ቀን የቆየ ቀለም ተጠቅሜያለሁ። ከዚያ በላይ ስታቆዩት ፎጣው መሽተት ይጀምራል፣ ስለዚህ እጠቡት። ወጪው የለም ማለት ይቻላል። ይሄን በጥቅምት ባውቀው ኖሮ ግማሹን ብልቃጥ አልቀምምም ነበር።

አሁን ወደ ኮላው።

የእንጨት ኮላ፣ ያ ነጩ፣ አናጢ ቤት ሁሉ ያለው። ሲደርቅ ጥርት ስለሚል በቀለም ላይ ስስ ቅብ ለመደራረብ የሱቁን ሚዲየም ይተካል ይባላል። ሁለት እጅ ኮላ፣ አንድ እጅ ውሃ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብትጠይቁኝ "አትሞኙ፣ ከሱቅ አትግዙ" እላችሁ ነበር። ሰማያዊው መደረቢያ ከሥሩ እየበራ ይታያል፣ ልስላሴው የወተት ነው። የአንድ ካፌ ግድግዳም በእሱ ሠርቼ አስረከብኩ።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ከካፌው ተደወለ። ሠራተኛዋ ለበዓል ስታጸዳ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላዋለች። ሄጄ ሳየው ሰማያዊው ቦታ ቦታው ነጥቷል፣ ጨርቁ ደግሞ ሰማያዊ ሆኗል። እሷ ደንግጣ "ወንድሜ፣ ውሃ ብቻ ነው እኮ" ትለኛለች። እውነቷን ነበር። ካሣ መክፈል ያለብኝ እኔ ነበርኩ፣ በነፃ ደግሜ ሠራሁት።

ከዚያ በኋላም ልቤ አላመነም። አንድ ቀን ሥዕል ያስተማሩኝ ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ። በኮላ የጨረስኩትን ሥዕል አነሱ፣ ወደ መስኮቱ አቀረቡት፣ አዩት። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የክንፉን ጥግ አሹ፣ ቆዩ፣ እንደገና አሹ። ምንም አላሉኝም። ጣታቸውን አሳዩኝ። ሰማያዊ ነው።

በማግስቱ መስታወት ላይ ሁለት መስመር ቀባሁ፤ አንዱን በኮላው፣ አንዱን ጓደኛዬ ጋ በተረፈች የእውነተኛ ሚዲየም ጠብታ። ሳምንት አደረቅኋቸውና ማታ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። ጠዋት ኮላው እንደ እርጎ ነጥቶ አበጠ፣ በጥፍር ስነካው የወተት ስልባቦት ይመስል ተገፎ መጣ። ሌላኛው ትንሽ ደመና ለብሶ ነበር፤ ግን አልለቀቀም፣ ሲደርቅም ተመልሶ ጠራ። ኮላ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፣ ከደረቀ በኋላም ውሃ ያለሰልሰዋል። መስኮት ላይ ለፀሐይ የተውኩት ሌላ ቁራጭ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የማር መልክ መያዝ ጀምሯል።

ሽታውም አለ። ኮላ በውሃ ሲቀጥን፣ እንዳይበላሽ የተደረገበት መድኃኒትም አብሮ ይቀጥናል። ሰኔ ላይ አንዱን ብልቃጥ ስከፍት እትየ ጎረቤቴ በር ላይ ቆመው "ምን ሞቶብህ ነው?" አሉኝ። የሳምንት ብቻ ቀምሙ፣ ቀኑን ጻፉበት። ደግሞ በሃይላንድ አታስቀምጡ። የእትየ የልጅ ልጅ ግሊሰሪን ያለበትን ሃይላንድ ውሃ መስሎት አፉ አድርሶት ነበር፣ ከእጁ ነጠቅሁት።

ኮላ ጨርሶ የማይረባ ነው እያልኩ አይደለም። ከሥር ሲሆን ጥሩ ነው። ለእንጨት ሰሌዳ መደብ ስፈልግ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ግንበኞች ጀሶ ነበር። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ ሠዓሊ ለመደብ የሚቀባውም በዚያው ስም ይጠራል። ስሙ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ለየቅል። የግንበኛው የተቃጠለ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ይጠነክራል። ከኮላና ከውሃ ጋር አማስዬ ስልክ አንስቼ ስመለስ ብልቃጡ ድንጋይ ሆኗል። ማንኪያው እስከ ዛሬ መሃሉ ላይ ቆሞ አለ። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ጀሶውን ብዙ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ ለሳምንታት ያቆዩት የነበረው ይሄን ጠባዩን ለመግደል ነው።

እኔ ያን ያህል ትዕግሥት የለኝም። ጠመኔ ወቀጥሁ። ጠመኔ አይጠነክርም፣ የሚሆነውን ሆኖ ነው የመጣው። በአሮጌ ነጠላ ነፍቼ፣ አንድ እጅ ጠመኔ፣ አንድ እጅ ኮላ፣ ትንሽ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም፣ ውሃ እንደ ልብ። ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት፣ በመሃል በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። በእንጨት ላይ 8 ወር የሆናቸው ሰሌዳዎች አሉኝ፣ አንድም አልተሰነጠቀም። ከላይ በአክሪሊክ ስለሚሸፈን ውሃ በቀላሉ አያገኘውም። ቆዳ ላይ ግን አታስቡት። እንግዳው ሥዕሉን ጠቅልሎ ነው ሻንጣው ውስጥ የሚያስገባው፤ አንዴ ሲጠቀለል መደቡ እንደ በጋ መሬት ይሰነጣጠቃል።

ለብሩሽ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ቀለም የደረቀበት ብሩሽ ካለ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ አልኮል ውስጥ ሩብ ሰዓት ንከሩት፣ ከዚያ በሳሙና። ውሃ የማይመልሰውን አክሪሊክ አልኮል ያላላዋል። በዚያው ልክ አልኮል ያለቀ ሥዕል ላይ እንዳይፈስ።

ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ የቀሩት የባትሪ ውሃው፣ አንድ ለ10 ግሊሰሪኑና የጠመኔ መደቡ ናቸው። የኮላ ሚዲየሙን ደፋሁት። ላይኛው ቅብ የሚሠራበት እውነተኛ ሚዲየም ግማሽ ሊትር እንዲያመጣልኝ ለአክስቴ ልጅ ብር ልኬያለሁ፣ ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ ብሏል። እስከዚያ መላእክቴ ሰማያዊ መደረቢያ የላቸውም፣ በቀይና በቢጫ ናቸው። ባለአራት ዓይኑን ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅየዋለሁ። ጣቴን ሳስነካው ዛሬም ያዝ ያደርገኛል።