የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ላላችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

የአራት ኪሎ፣ የስድስት ኪሎና የፒያሳ ውሻ ወዳጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በተለይ የታመመ ውሻ ይዛችሁ፣ ነገ ክፍለ ሀገር ለቅሶ ቢመጣብኝ ለማን ትቼው እሄዳለሁ እያላችሁ ለምትጨነቁ። እኔ ሰው አግኝቻለሁ። እግዜር ይስጣቸው። ደግሜ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜ ምን ያደርግልሻል፣ ሥራዬን ካየሽ ሥራዬን ተናገሪ» ብለውኛል። ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ፣ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያው ነው።

ቡቺ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የቀረ ውሻ ነው። ባለቤቶቹ ከተማ ዳር ቤት ተሰጥቷቸው ሲወጡ ይዘውት መሄድ አልቻሉም። እኔ አምስት ኪሎ አካባቢ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው የምኖረው። አከራዬ እትዬ ውሻ ስለሚወዱ «አምጪው» አሉኝ፤ አመጣሁት። ጤነኛ ይመስል ነበር። አንድ ሌሊት ግን ከተኛበት ይንፈራገጥ ጀመር። አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ሽንቱ አመለጠው። አለቀለት ብዬ ነበር።

ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው አለኝ። ስለ አንጎል ብዙ ነገር አስረዳኝ፤ እውነቱን ለመናገር አንዱም አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ ፌኖባርቢታል የሚባል ክኒን፣ ለሰውም የሚታዘዘው ያው መድኃኒት፣ ጠዋት 1 ሰዓት እና ማታ 1 ሰዓት። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ የለም። በድንገት ከተቋረጠ ማቋረጡ ራሱ ይጥለዋል።

ዘመዶቼ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። «ሰው መድኃኒት አጥቶ አንቺ ለውሻ!» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ መድኃኒት ያጣ ሰው ሞልቷል። ቡቺ ክኒኑን ቢተው ግን ያ ሰው አይድንም።

እናቴ ደሴ ናት፣ ታማለች። ስትጠራኝ መሄድ አለብኝ። መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ውሻ ተቀብሎ የሚያሳድር ቦታ ወሰድኩት። የት እንደሆነ አልናገርም። አቀባበላቸው ያምራል፣ ዋጋቸው አያድርስ ነው። መድኃኒቱን አስረዳሁ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁ፣ «ችግር የለም እህቴ» ተባልኩ። ስመለስ ክኒኑ ከግማሽ በላይ ተርፏል። «ደህና ስለሆነ አቆምንለት» አሉኝ! ማንን ጠይቃችሁ? ማን ሐኪም አደረጋችሁ? የባሰው ደግሞ አለ። ይሄ መድኃኒት ውሃ ያስጠማል፣ ያስርባል፣ ሽንት ያበዛል። ይሄንንም ነግሬያቸው ነበር። እነሱ ግን ወለሉን አበላሸ ብለው ውሃ ይነፍጉት ነበር። ይሄን የነገረኝ እዚያው የሚሠራ ልጅ ነው፣ ያውም በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ በሹክሹክታ። ቡቺ ቤት ገብቶ ሳህኑን ሲጨርስ፣ ስሞላለት፣ ደግሞ ሲጨርስ ሳይ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ቀጥሎ ቤት ድረስ የሚመጣ ጎረምሳ ተገኘ። «ውሻማ ለእኔ!» ያለ ነው። ቡቺን ሲጥለው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት። ሁላችንም ክብሪት ሲጫር እያየን ነው ያደግነው፤ ግን ለሰውም አይጠቅም፣ ለውሻም አይጠቅም። አልበቃ ብሎት ምላሱን እንዳይውጥ ብሎ ማንኪያ አፉ ውስጥ ሰደደ። ምላስ አይዋጥም፣ የሚነከሰው እጅ ነው። ተነከሰ። ቡቺ በዚያ ሰዓት ራሱን አያውቅም፣ እንኳን የሰው እጅ ሊለይ። ልጁ ግን «ውሻዋ እብድ ነው» እያለ ሰፈሩን አዳረሰው። ከዚያ በኋላ የግቢው ልጆች ቡቺን ሲያዩ መሮጥ ጀመሩ።

ሦስተኛዋ ክኒኑን ትታ ጸበል ትረጨው ነበር። በክፋት አይደለም፣ አልፈርድባትም። ግን ሦስተኛ ሰው አልሞክርም ብዬ ከማልኩ በኋላ ነበር እሷን ያገኘኋት።

ጋሼን የጠቆመኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። ጡረታ ወጥተዋል። በወጣትነታቸው ጃንሜዳ ፈረስ ይጠብቁ ነበር። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ቡቺን «ና፣ ና» አላሉትም። በረንዳው ላይ ዱካ ስበው ተቀመጡና እኔን ይጠይቁኝ ጀመር። ሲጥለው ስንት ደቂቃ ይቆያል? ከነቃ በኋላ ምን ያደርጋል? ሌሊት የሚከፍት ሐኪም የቱ ነው? የክትባት ካርዱ የት አለ? የመጨረሻውን ለምን እንደፈለጉት አልገባኝም ነበር። ሰጠኋቸው፣ አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ይሄን ጊዜ ቡቺ ራሱ መጥቶ እግራቸው ሥር ተኝቷል።

ደሴ ሄድኩ። ጋሼ ስልካቸው ባለቁልፍ ነው፣ ፎቶ ላክልኝ አይባል። «መድኃኒቱን ሲወስድ ሚስኮል አደርግልሻለሁ፣ እንዳታነሺው፣ ብር አታስበዪኝ» አሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ሚስኮል። ማታ 1 ሰዓት ሚስኮል። ዝንፍ የለም። እናቴ ራሷ ለምዳው «ውሻሽ ዋጠ?» ትለኝ ነበር።

አንድ ማታ ግን ስልኩ መጮኹን አላቆመም። ልቤ ቀጥ አለ። «ትንሽ አሞት ነበር፣ 2 ደቂቃ ግድም ነው፣ ለሐኪሙም ደውያለሁ። አሁን በልቷል። እናትሽ እንዴት ናቸው?» አሉኝ። ይኸው ነው ያሉኝ።

ሙሉውን ስመለስ ከእትዬ ሰማሁት። ቡቺን የጣለው ግቢው መሀል ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ነው። አረፋውን ያዩ «አበደ! አበደ!» እያሉ ጮኹ። ዘበኛው ዱላ አነሳ። ሰዎቹን አልቀየምኳቸውም። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ሰው ይገድላል፣ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ነከሰኝ ያለ ሁሉ «ቶሎ ፓስተር ሂድ» የሚባልበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው። ጋሼ ግን አልጮኹም፣ አልተጣሉም። ጋቢያቸውን አውልቀው ከቡቺ ጭንቅላት ሥር አደረጉ፣ አፉን ሳይነኩ። ከዚያ በእሱና በዱላው መሀል ቆመው ካርዱን ከኪሳቸው አወጡ። «ዘንድሮ ተከትቧል፣ ማህተሙ ይኸው። ማንበብ የሚችል ይምጣና ያንብብ። ይሄ ሰውንም የሚጥል በሽታ ነው፣ አሁን ይለቀዋል» አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን ማየት ቀጠሉ። 5 ደቂቃ ካለፈ ታክሲ እንዲጠራ አንዱን ልጅ አዘጋጅተውት ነበር አሉ።

ለቀቀው። ቡቺ ከነቃ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ አያይም፣ ግድግዳ እየገጨ ነው የሚሄደው። ጋሼ እስኪመለስለት ድረስ አብረውት ግቢውን ዞሩ፣ እየመሩት። ዘበኛውም አብሮ ዞረ አሉ እትዬ። ዱላውን ጥሎ፣ ባትሪ እያበራ።

ጋቢው ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር። አዲስ ልግዛልዎ ብላቸው ተቆጡኝ።

እና እባካችሁ፣ ውሻችሁ ከታመመ እሳቸውን ያዙ። የሚጥለውም ይሁን፣ ያረጀውም ይሁን፣ ክኒን በሰዓቱ መዋጥ ያለበትም ይሁን። መርፌ አይወጉም፣ «የሐኪም ሥራ ነው» ይላሉ፤ ይሄንንም ወድጄላቸዋለሁ። በእግራቸው ስለሚሄዱ ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ግፋ ቢል እስከ ግንፍሌ ነው የሚመጡት። ድመት አይቀበሉም። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ «ትንቀኛለች» አሉኝ።

ዋጋ ላይ አትከራከሯቸው፣ ራሳቸው አሳንሰው ነው የሚጠሩት። ጨምራችሁ ስጡ። አልቀበልም ካሉ ቡና ግዙላቸው፣ ቡና እምቢ አይሉም። የክትባት ካርዱንም አዘጋጁ፣ ያልተከተበ ውሻ በር ላይ ነው የሚመልሱት።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የፋሲካ ሰሞን ግን ተይዘዋል። የያዝኳቸው እኔ ነኝ፣ አልለቅም።